ዳገቱ ላይ የሚቆሙት አባቴ

አባቴ የደብረ ታቦርን ዳገት ሲወጡ መሐል ላይ ቆም ይሉ ነበር። “አባዬ፣ ምን ሆኑ?” ስላቸው፣ “ጉናን ልይ ብዬ ነው” ይሉኛል። መዳፋቸው ግን ደረታቸው ላይ ነው። ጥቂት ቆመው እንደ ጤነኛ ይራመዳሉ።

አንዱ ጎረቤት “ውጋት ነው” አለ፤ ሌላዋ “መጋኛ ነው” አለች። የታዩበት ክሊኒክ “ጨጓራ ነው” ብሎ መድኃኒት ሰጣቸው። እኔም ተምሬአለሁ ባይ ነኝና የጨጓራውን ወገን ደገፍሁ። በርበሬ ይተዉ ብዬ የመከርኋቸው እኔ ነኝ። እሳቸው በርበሬውን ተዉ፤ ሕመሙ ግን አልተዋቸውም። አንድ የጥቅምት ማለዳ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ሁልጊዜ ከሚቆሙበት ቦታ ተቀመጡ። አልተነሡም።

የለንደኑን ሐኪም የዊልያም ሄበርደንን ታሪክ ያነበብሁት ከዚያ ወዲያ ነው። በ1768 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ስለ አንድ ሕመም ገለጻ አቀረበ። ሰውየው ሲሄድ፣ በተለይ ዳገት ሲወጣና ምግብ እንደ በላ ሲራመድ፣ ደረቱን ያንቀዋል፤ ሲቆም ይለቀዋል። አባቴን አይቶ የተናገረ መሰለኝ።

ሄበርደን ግን የሕመሙን ምንጭ አልደረሰበትም። የልብን የደም ቧንቧዎች የጠረጠረው በፈንጣጣ ክትባቱ የምናውቀው ኤድዋርድ ጄነር ነበር። መምህሩ ጆን ሀንተር ይኸው ሕመም ነበረበትና፣ እንዳይደነግጥበት ሲል ጄነር ሐሳቡን ሳያሳትም ቀረ። (ይሉኝታ የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር።) ሀንተር በ1793 ከሆስፒታል ስብሰባ ክርክር መሐል ተናድዶ ወጣ፤ ወዲያው ሞተ። ሬሳው ሲመረመር ልቡን የሚመግቡት ቧንቧዎች ደድረው ተገኙ።

ቧንቧው በረጋ ደም ሲደፈን ሰው ሁልጊዜ ወዲያው እንደማይሞት፣ በሕይወት ሳለም ሕመሙ ሊታወቅለት እንደሚችል የቺካጎው ጀምስ ሄሪክ የጻፈው በ1912 ነው። የደም ግፊትን፣ የኮሌስትሮልንና የሲጋራን ጥፋት ለማወቅ ደግሞ በ1948 በአሜሪካዊቷ ከተማ በፍራሚንግሃም የተጀመረውን የብዙ ዓመታት ጥናት መጠበቅ ግድ ሆነ።

በእኛ አገር “የልብ ሕመም” ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው፣ ከልጅነት የጉሮሮ ሕመም መዘዝ የሚመጣው የልብ በር ብልሽት ነው፤ እስከ ዛሬም ብዙ ወጣቶችን ይጎዳል። የቧንቧው ሕመም የከተማ ባለጸጋ በሽታ ይመስለናል። አባቴ ቀጭን፣ በእግራቸው ሂያጅ ነበሩ። ማን ይጠርጥር?

ባለፈው ቡሄ ታላቅ ወንድሜ እዚያው ዳገት ላይ ቆም አለ። “ምነው?” አልሁት።

“ጉናን እያየሁ ነው።”

ጉና በጉም ተሸፍኖ አይታይም ነበር። በማግስቱ ወደ ልብ ሐኪም ይዤው ባሕር ዳር ወረድሁ።