ስለ 532

በአያት ጎረቤቴ የሆነ አንድ ወጣት መሐንዲስ፥ «አባታችን፥ ዐቢይ ቀመር ስለ ምን 532 ዓመት ሆነ?» ሲል ጠየቀኝ። ቍጥሩን በቃሉ የሚይዝ ብዙ፥ ምክንያቱን የሚመረምር ጥቂት ነውና ደስ አለኝ፤ ምክንያቱን ያልያዘ ባሕረ ሐሳብ በስልክ ዘመን ፈጥኖ ይረሳል።

ዘመነ ወንጌላውያን 4፥ ዕለታት 7፥ ንዑስ ቀመር 19 ነው። 4 በ7 ቢበዛ 28፥ 28ም በ19 ቢበዛ 532 ይሆናል። ከዚህ ስለ ምን አላነሰ ቢሉ፥ ከሦስቱ ማናቸውንም ሁለት በአንድነት ያለ ትርፍ የሚከፍል ቍጥር ከ1 በቀር የለም። ንዑስ ቀመሩ 21 ቢሆን ኖሮ፥ 7 በውስጡ አለና፥ ሁሉ በ84 ዓመት ወደ መነሻው በተመለሰ ነበር። አለመዛመዳቸው ዘመኑን አረዘመው።

2018 ዓ.ም. በዓመተ ዓለም 7518 ነው። በ532 ቢካፈል 14 ደርሶ 70 ይተርፋል፤ 70ን በ19 ቢገድፉ 13፥ አንድ ቢቀንሱ ወንበር 12፥ አበቅቴ 12፥ መጥቅዕ 18 ይሆናል፤ ፋሲካም ሚያዝያ 4 ቀን ይውላል።