ልጅ ያቦካው

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ሲባል ሰምተን አደግን። ልጅ ሐሳብ ሲያመጣ በየቤቱ «ዝም በል! አንተ ምን ታውቃለህ?» ይባላል። ግን እውነት አይበቃም? እስቲ እንየው።

በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን ገባ። እዚህ አዳማም፣ በሞጆም፣ በመቂም በየበሩ የእጅ መታጠቢያ ተቀመጠ። ሁላችንም የምንነካው ግን አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሳሙና ነው። በቆሸሸ እጅ የተከፈተው ቧንቧ በታጠበ እጅ ይዘጋል።

ኢዘዲን ካሚል የወልቂጤ ልጅ ነው። ያኔ የ18 ዓመት ተማሪ ነበር። ችግሩን አይቶ፣ እጅ ሳይነካው ሳሙና የሚያወርድ መሣሪያ ሠራ።

«እኛ ገጠር መብራት የለን» ትሉ ይሆናል። መብራት የማይፈልግም አለ። በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች ልጆች ይሠሩታል። አሠራሩ እንዲህ ነው።

ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውሰዱ። ከአፉ አራት ጣት ያህል ዝቅ ብላችሁ፣ በእጀታው ትይዩ፣ በጋለ ሚስማር ብሱት። ሁለት ባላ ትከሉ። በእጀታው አግዳሚ እንጨት አሳልፋችሁ በባላዎቹ ላይ አንጠልጥሉት። አንገቱን በገመድ እሰሩ፤ የገመዱን ጫፍ መሬት ላይ ካለ እንጨት ጋር አያይዙ። ውሃው ከቀዳዳው በታች ይሁን። እንጨቱን በእግር ሲረግጡት ጀሪካኑ ያዘነብላል፤ ውሃ ይወርዳል። እግር ሲነሳ ይቆማል። ሳሙናውም በገመድ ከጎኑ ይንጠልጠል።

ውሃው በቀጭኑ ስለሚወርድ አይባክንም። ውሃ በአህያ ከሩቅ ለሚያስመጣ ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እጅ በሳሙና ሲታጠብ ተቅማጥ ይቀንሳል። የልጆች ፊት ሲታጠብ የዓይን ማዝ ይቀንሳል።

እንዲህ ያለ ልጅ በእኛ አገር ብቻ አይደለም ያለው። የእኛ ስምጥ ሸለቆ በኬንያ አልፎ እስከ ማላዊ ይወርዳል። በዚያም በ1994 ዓ.ም. ረሃብ ነበረ። ዊልያም ካምክዋምባ የሚባል የ14 ዓመት ልጅ የሚከፍለው አጥቶ ከትምህርት ቤት ቀረ። ግን መጽሐፍ ማንበብ አልተወም። በመጽሐፍ ያየውን ሥዕል ተከትሎ፣ ከአሮጌ ብስክሌት ዕቃ በነፋስ የሚዞር መዘውር ሠራ። ቤታቸው መብራት አገኘ። መንደርተኛው ግን መጀመሪያ «ይህ ልጅ አብዷል» ብሎት ነበር።

ስንቱ ልጅ «አብዷል» ሲባል ሐሳቡን ጥሎ ቀርቶ ይሆን?

እንግዲህ ልጅ ሐሳብ ሲያመጣ ሚስማር እናቀብለው። ገመዱን እንያዝለት። ዛሬ ባይሳካለት ነገ ይሞክራል። ልጅ ያቦካው ለራት የሚበቃው፣ ዱቄት የሚሰጠው ሰው ሲያገኝ ነው።