የመሸበት እንግዳ በዎርዚንግ

«ንጉሣችሁ እኮ እዚህ ከተማ ተቀምጠው ነበር» አሉኝ።

ያሉኝ በማታ ፈረቃ የምንከባከባቸው የ91 ዓመት አሮጊት ናቸው። የት አገር ሰው እንደሆንኩ ጠይቀውኝ ኢትዮጵያዊት ነኝ ማለቴ ነበር። ሻይ የያዘው እጄ አየር ላይ ቀረ። ሁለት ዓመት ሙሉ በዎርዚንግ ስኖር፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ባሕር ዳር ስመላለስ፣ ይህን የነገረኝ አልነበረም። እሳቸውም ያኔ ገና ሕፃን ስለነበሩ ወሬውን ያገኙት ከእናታቸው ነው። በ1936 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደት እንግሊዝ አገር ሳሉ፣ ባሕሩን ፊት ለፊት በሚያየው በዋርንስ ሆቴል አርፈው ነበር። (ዓመተ ምሕረት ብዬ ካልጠቀስሁ በቀር ዘመኑን የምቆጥረው እንደ ፈረንጆቹ ነው።)

በማግስቱ ጠዋት ከሥራ ስወጣ አውቶቡሴን ትቼ ወደ ባሕሩ ወረድኩ። ዋርንስ በእሳት ወድሞ ዛሬ በቦታው አፓርታማ ቆሟል። ከፊት ለፊቱ ጠጠር የሞላበት የባሕር ዳር፣ ከዚያ ወዲያ ግራጫ ውሃ ነው። ንጉሡም በመስኮት ያዩት ይህንኑ ባሕር ነው እያልኩ ብዙ ቆምኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የከተማዋን ታሪክ ሳነብና ሳጠያይቅ ከረምኩ። አሮጊቷም የዓሣ አጥማጅ ዘር ናቸውና እንቅልፍ እምቢ ባላቸው ሌሊት ሁሉ ያወጉኝ ነበር።

ዎርዚንግ ከብራይተን በስተ ምዕራብ የምትገኝ፣ እንግዳ የሠራት ከተማ ናት። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ማከረል የሚባለውን ዓሣ የሚያጠምዱ ድሆች መንደር ነበረች። በዚያን ዘመን የእንግሊዝ ሐኪሞች የባሕር ውሃና የባሕር አየር እንደ ጠበል ይፈውሳል ብለው ያምኑ ነበር። በ1798 የንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ የመጨረሻ ልጅ፣ ጉልበቷን የታመመችው ልዕልት አሚሊያ፣ ለሕክምና እዚህ ተላከች። ልዕልቲቱ በ27 ዓመቷ ተቀጨች እንጂ ዕድሜ አላገኘችም። እሷን ተከትሎ ግን መኳንንቱ ጎረፈ፤ መንደሯም በ1803 በሕግ የከተማ አስተዳደር አገኘች። በ1805 ደራሲዋ ጄን ኦስተን መጥታ ተቀመጠች፤ ሳትጨርሰው በሞተችው «ሳንዲተን» በተባለው ልቦለዷ ላይ የምናገኛት አዲስ የባሕር ዳር ከተማ ከዎርዚንግ የተቀዳች ናት የሚሉ ብዙ ናቸው። በ1845 ባቡር ሲገባ ደግሞ እንግዳው መኳንንት ብቻ መሆኑ ቀረ።

የከተማዋ ዓርማ ላይ ሦስት የማከረል ዓሣዎች አሉ። በላቲን የተጻፈው መፈክርም «ከምድር ጥጋብ፣ ከባሕር ጤና» እንደ ማለት ነው። የምድሩ እውነት ነው፤ ዎርዚንግ በመስታወት ቤት በምታበቅለው ወይንና ቲማቲም የታወቀች ነበረች። የባሕሩን ነገር ሳነሳላቸው ግን አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጤናው ለእንግዳ ነው። ለእኛ ሰዎች ባሕር እንጀራም መቃብርም ነበር» አሉኝ። ከዚያ የላላ ሩክን ታሪክ ነገሩኝ።

ኅዳር ወር ነው፤ 1850። ከብራዚል የተነሣችው ላላ ሩክ የተባለች የንግድ መርከብ በማዕበል ተመትታ ከዎርዚንግ ፊት ለፊት ተጨነቀች። ከተማዋ ያኔ ለነፍስ አድን ተብሎ የተሠራ ጀልባ አልነበራትም። ያላት የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ነው። ዐሥራ አንድ ዓሣ አጥማጆች በአንዷ ተሳፍረው ወጡ። መርከቧ የእነሱ አይደለችም፤ በውስጧ ያሉትን ሰዎች አያውቋቸውም፤ ስማቸውን እንኳ አልሰሙም። ከባሕሩ ዳር ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው ቆመው ሲያዩ ጀልባዋ ተገለበጠች፤ ዐሥራ አንዱም አለቁ።

እኔን ከሁሉ በላይ የያዘኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሌላ ጀልባ ወጣ። ከዚያው ከባሕሩ ዳር፣ በዚያው ማዕበል፣ ሌሎች ሰዎች ቀዝፈው ላላ ሩክ ደረሱ። ከተማዋ የራሷን የነፍስ አድን ጀልባ ያገኘችው ከዚህ ሐዘን በኋላ ነው። ዛሬ በጋ ላይ ልጆች አሸዋ የሚቆፍሩበትን ቦታ ሳይ፣ ዐሥራ አንድ ሰው በአንድ ቀን ያለቀበት ቦታ መሆኑ ከዓይኔ አይጠፋም።

ሌላም ክፉ ዓመት አለ። በ1893 የመጠጥ ውሃው ከፍሳሽ ጋር ተቀላቀለና የታይፎይድ ወረርሽኝ ገብቶ ወደ 190 ሰው ፈጀ። ጤና ፍለጋ የሚመጣው እንግዳ ሸሸ፤ በእንግዳ የሚያድሩት የማረፊያ ቤቶች ባዶአቸውን ቀሩ፤ ድሃው በሾርባ እርዳታ ከረመ። በዓመቱ፣ በ1894 በጋ፣ ኦስካር ዋይልድ ቤተሰቡን ይዞ መጥቶ እጅግ የታወቀውን ተውኔቱን እዚህ ጻፈ። የተውኔቱ ዋና ሰው በሕፃንነቱ በባቡር ጣቢያ በቦርሳ ውስጥ ተጥሎ የተገኘ ነው። ያሳደገው ሽማግሌ ያን ቀን በኪሱ ይዞት የነበረው የዎርዚንግ ቲኬት ነበርና፣ ልጁን «ዎርዚንግ» ብሎ ሰየመው። ዘሩ የማይታወቅ ልጅ በዚህች ከተማ ስም መጠራቱን ካወቅሁ ወዲህ የጣቢያችንን ስም ባነበብኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

አሮጊቷ ከፊሉን በዓይናቸው ያዩት ታሪክ የፒየሩ ነው። ፒየር በምሰሶ ላይ ቆሞ ወደ ባሕሩ ውስጥ የተዘረጋ መንሸራሸሪያ ነው፤ የዎርዚንጉ የተከፈተው በ1862 ነው። በ1913 የፋሲካ ሰሞን ማዕበል መካከሉን ቆርጦ ወሰደውና ጫፉ ብቻውን ባሕር ላይ ቀረ፤ ሕዝቡም «የፋሲካ ደሴት» አለው። ጠገኑት። በ1933 ጫፉ ላይ ያለው አዳራሽ ተቃጠለ። በ1935 ዛሬ የምናየውን ሠሩ። በ1940 የጀርመን ጦር በባሕር ይገባል ተብሎ ሲፈራ፣ የገዛ አገሩ ጦር መካከሉን በፈንጂ ቆረጠው። ባሕሩ ዳር በእሾህ ሽቦ ታጠረ፤ ያኔ ትንሽ ልጅ የነበሩት አሮጊቷም ከሽቦው ወዲህ ቆመው ባሕሩን ያዩ ነበር። ፒየሩ እንደገና የተከፈተው በ1949 ነው።

ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ ወደ ዋርንስ ቦታ ስመለስ፣ ስለ ንጉሡ የማስበው ሌላ ሆነ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ወራሪው የጣልያን ጦር ሲቃረብ ከአዲስ አበባ ወጡ፤ በጅቡቲና በኢየሩሳሌም በኩል እንግሊዝ ገቡ። ሰኔ 23 ቀን ጄኔቫ ላይ፣ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት፣ የጣልያን ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያውኳቸው ሲሞክሩ፣ በመርዝ ጋዝ ስላለቀው ሕዝባቸው በአማርኛ ተናገሩ። ኢትዮጵያ ከ1923 ጀምሮ የማኅበሩ አባል ነበረች፤ ለአንዱ ሁሉም ይቆማል የተባለ ቃል ኪዳን ነበር። መንግሥታቱ የገቡትን ቃል ትተው፣ በጣልያን ላይ የነበረውን ማዕቀብ ወዲያው አነሡ። ንጉሡም በኋላ ባዝ በምትባለው ከተማ ቤት ገዝተው እስከ 1940 ድረስ በስደት ተቀመጡ።

አንዲት አገር በመላው ዓለም ፊት ስትሰጥም፣ ትልልቅ መርከብ ያላቸው መንግሥታት ከዳር ቆመው አዩ። ንጉሥዋ ባረፉባት በዚችው ከተማ ደግሞ፣ ከዚያ 86 ዓመት ቀደም ብሎ፣ የዓሣ ጀልባ ብቻ ያላቸው ድሆች ለማያውቁት ሰው ወጥተው ሞተዋል። ንጉሡ ይህን ታሪክ የነገራቸው ይኑር አይኑር፣ እኔ ባሕሩን ሳይ ሁለቱን ነገር ለይቼ ማየት አልችልም። ዎርዚንግን የምወዳት በሆቴሎቿ ወይም በአየሯ አይደለም። ስም ሳይጠይቁ በወጡት በእነዚያ ሰዎች ነው።

አንድ ሌሊት ለአሮጊቷ ስለ አገሬ ልማድ አጫወትኳቸው። መንገደኛ ሲመሽበት የማያውቀው ሰው ደጃፍ ቆሞ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል አልኳቸው።

«ባለቤቱስ ምን ብሎ ይመልሳል?» አሉኝ።

«ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግባ።»

ዝም ብለው ቆዩ። ተኙ ብዬ መብራቱን ልቀንስ ስል ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ሁለተኛዋ ጀልባ» አሉኝ። ብርድ ልብሱን ትከሻቸው ድረስ ስቤ አለበስኳቸው። ከመስኮቱ ውጭ ባሕሩ ጠጠሩን እያንከባለለ ይሰማል።