ክሩ ሲጠፋ

ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በደጋን፣ እኛ ሴት ተማሪዎች ለዕረፍት በገባን ቁጥር ቡና ላይ የምንሰማው አንድ ወሬ አለ። «ወላሂ ልጄ፣ ሉፕ አታስገቢ፤ ውሎ አድሮ ሽቅብ ይወጣና ልብ ይወጋል» ይሉናል እናቶቻችን። ከተማረው ወገን ብዙው ይህን ሲሰማ ስቆ ያልፋል። ሳቁ ግን የቸኮለ ይመስለናል፤ ከወሬው እኩሌታው ሐሰት ቢሆን እኩሌታው እውነት ነውና።

ሐሰቱ ልብ መውጋቱ ነው። እውነቱ፣ ሉፕ በጥቂት ሴቶች ላይ የማሕፀንን ግድግዳ በስቶ ወደ ሆድ ዕቃ ሊገባ መቻሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ፣ በስድስት የአውሮፓ አገሮች ከ60,000 በላይ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት ይህ ከ1,000 ሴቶች በአንዷ ገደማ እንደሚደርስ አሳይቷል። በሚያጠቡትና ከወለዱ 36 ሳምንት ባልሞላቸው ላይ ግን ያይላል። በአገራችን እናት እስከ ሁለት ዓመት ማጥባቷ የተለመደ ስለ ሆነ ነገሩ እኛን ይበልጥ ይነካናል።

(«ሉፕ» የሚለው ስም የቀድሞ ቅሪት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዶክተር ጃክ ሊፕስ ያወጡት መሣሪያ የተጠማዘዘ ነበር፤ የዛሬው ባለ መዳብ «ቲ» የምትባለውን የፈረንጅ ፊደል ይመስላል።)

ሆድ ዕቃ የገባ ሉፕ አንዳንዴ በሞራ ተሸፍኖ ለዓመታት ዝም ይላል፤ አንዳንዴ አንጀት ይበሳል። ፊኛ የገባ እንደ ሆነ ደግሞ የሽንቱ ጨው በላዩ እየረጋ ድንጋይ ይሠራል። ሴትዮዋ ሽንቷ እያቃጠላት፣ ደም እየታየባት፣ «ኢንፌክሽን ነው» እየተባለች ኪኒን ስትውጥ ትከርማለች። የኢትዮጵያ ሐኪሞችም እንዲህ ያለ ድንጋይ አውጥተው በሕክምና መጽሔት ጽፈዋል።

ነገሩን ሁሉ የምታበላሸው «ወድቆ ይሆናል» የምትባለዋ ቃል ናት። ከሉፑ ጫፍ ወደ ታች የሚወርድ ክር አለ። ክሩ ሲጠፋ ሉፑ ወድቆ ሊሆን ይችላል፤ ክሩ ብቻ ወደ ውስጥ ተስቦ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ሉፑ ከስፍራው ሄዷል። ስለዚህ ሲወድቅ በዓይኗ ያላየች ሴት «ወድቋል» ተብላ መሸኘት፣ ይልቁንም ሌላ ሉፕ ሊጨመርባት አይገባም። አስቀድሞ እርግዝና አለመኖሩ ይጣራል፤ ከዚያ ማሕፀኗ በአልትራሳውንድ ይታያል፤ እዚያ ካልተገኘ የሆድ ራጅ ትነሣለች። ፕላስቲኩ ባሪየም ስላለበት አልትራሳውንድ የሳተውን ራጅ ያሳያል። ከማሕፀን ውጭ ከተገኘ ሕመም ባይሰማትም ቢወጣ ይመረጣል፤ ብዙ ጊዜም ሆድ ሳይቀደድ በትንሽ ቀዳዳ ይወጣል።

ለደጋን ሴት ግን ይህ ማለት ራጅ ፍለጋ ኮምቦልቻ፣ ካልሆነም ዳገቱን ወጥቶ ደሴ መድረስ ነው። የመሳፈሪያ ገንዘብ አለ፣ የሚፈታ ሥራ አለ፣ ቤት የሚቀር ሕፃን አለ። «ወድቆ ይሆናል» ማለት ለተናጋሪውም ለሰሚዋም የሚቀለው ለዚህ ነው።

በመጪው ክረምት አገራችን ስንገባ እኅቶቻችንን «ክሩን ታገኚዋለሽ ወይ?» ብለን እንጠይቃለን። ወንዶቹ ጓደኞቻችን ይህን ጥያቄ ለእኛ ቢተውልን ደግ ነው፤ እነርሱ ቢጠይቁ የሚመልስላቸው አይገኝም።