በነጠላ ውስጥ የሚታይ ግድግዳ

አንባቢ ሆይ! ነጠላ የለበሰች ሴት ፎቶግራፍ ቢሰጥህና «ከበስተኋላዋ ያለውን ግድግዳ አንሥተህ እርሷን ብቻ አስቀር» ብትባል ከየት ትጀምራለህ? ፊቷንና እጇን በመቀስ ዙሪያውን እንደምትቆርጥ ሁሉ በኮምፒዩተርም ልትቆርጥ ትችላለህ፤ ከግድግዳው የሚለያቸው ድንበር ግልጽ ነውና። ነጠላው ዘንድ ስትደርስ ግን ድንበሩ ይጠፋብሃል። በድርና በማጉ መካከል ግድግዳው ይታያል። እንግዲህ ያ ስፍራ የነጠላው ነው ወይስ የግድግዳው?

ይህ ጥያቄ የገጠመኝ የሟች እናቴን ፎቶግራፍ ለመታሰቢያ ለማዘጋጀት በተነሣሁ ጊዜ ነው። በእጃችን የቀረው በአረንጓዴ ግድግዳ ፊት የተነሣችው አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ነበር። አንድ ፎቶ ቤት ዳራውን ቆርጦ ሲመልስልኝ ነጠላዋ አረንጓዴ እንደ ነከረው ሆኖ ቀረ። እንዲታረም ባመለክት ደግሞ ሁሉንም ነጭ ቀብተው አቡጀዲ አስመሰሉት። እናቴ ግን ፈትሉን በገዛ እጇ የፈተለች ሴት ነበረች፤ የሙያዋም ምስክር የነጠላው ስስነት ነበር።

መፍትሔው ከመቀስ ይልቅ በሒሳብ ይገኛል። በኮምፒዩተር ውስጥ ምስል የጥቃቅን ነጥቦች ስብስብ ነው፤ የእያንዳንዱ ነጥብ ቀለም በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ መጠን፣ አብዛኛውን ጊዜም ከ0 እስከ 255 ባለው ቁጥር ይገለጻል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ኤድ ካትመልና አልቪ ሬይ ስሚዝ በኒው ዮርክ የቴክኖሎጂ ተቋም ሲሠሩ በእነዚህ ሦስት ቁጥሮች ላይ አራተኛ ጨመሩ፤ ስሙንም አልፋ አሉት። አልፋ አንድ ነጥብ ከበስተኋላው ያለውን ምን ያህል እንደሚሸፍን የሚያመለክት ልክ ነው። 0 ሲሆን ምንም አይሸፍንም፤ 255 ሲሆን ፈጽሞ ይሸፍናል። በመካከል ያሉት ቁጥሮች የነጠላ ድርሻ ናቸው።

ልኩን የምታገኘው እንዲህ ነው። ግድግዳው ብቻውን በሚታይበት ስፍራ የቀዩ መጠን 40 ነው እንበል፤ ነጠላው ተደራርቦ ምንም በማያሳይበት እጥፋት ላይ ደግሞ 240 ይሁን። በስሱ ስፍራ 140 ብታገኝ፣ ይህ ቁጥር በ40ና በ240 መካከል እኩሌታ ላይ ይውላል፤ ስለዚህ ነጠላው በዚያ ነጥብ የሚሸፍነው ግማሹን ነው። እንግዲህ ነጥቡን በሦስቱም መጠኖች የክሩን ቀለም ትሰጠዋለህ፤ አልፋውንም 128 ገደማ ታደርገዋለህ። አረንጓዴው ይወጣል፤ ስስነቱ ግን ይቀራል። ጥላ ያረፈበት ክር ከሌላው ስለሚጠቁር፣ ለእርሱ የክሩን ቀለም ከዚያው ከጥላው ውስጥ መውሰድ ይገባል።

ሥራህን ስታስቀምጥም ተጠንቀቅ። ጄፔግ የተባለው የፋይል ዓይነት አልፋን አይዝም፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ፒኤንጂ ግን ይይዛል።

አንድን ነገር «አለ» ወይም «የለም» ብሎ መቁረጥ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ስሱን ነገር ያጠፋል። ስለዚህ ከመቁረጥህ በፊት «ምን ያህል?» ብለህ መጠየቅን ልማድ አድርግ።