ጽድ የሚደርቀው ከላይ ብቻ አይደለም

ደስኣ ጫካ የገባ ሰው መጀመሪያ አንጋጦ ነው የሚያየው። ጫፉ የተራቆተ፣ ቅርፊቱ የነጣ ጽድ እዚህም እዚያም ቆሟል። ከመቐለ በስተምሥራቅ፣ ደጋው ወደ አፋር ቁልቁል በሚሰበርበት ገደላገደል ላይ የተዘረጋው ይህ ደን ዋና ዛፎቹ ጽድና ወይራ ናቸው። ኤርምያስ አይነኩሉና ባልደረቦቹ በ2011 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ሁለቱም በብዛት እየደረቁ መሆናቸውን፣ ወደ ቆላው በተወረደ ቁጥርም ጉዳቱ እንደሚብስ አሳይተዋል። ምክንያቱን ስንጠየቅ ድርቅ፣ መጥረቢያና ፍየል እንላለን። ልክ ነው። ግን ይህ ሁሉ ዛፉን የሚጎዳው በምን በኩል ነው? ሥሩን ማንም አያወራለትም።

ዛፉን አቁመው የሚይዙት ወፍራሞቹ ሥሮች ናቸው። ውኃና ምግብ የሚስቡለት ግን ከ2 ሚሊ ሜትር የሚቀጥኑት፣ ክር የሚያካክሉት ናቸው። እነዚህ ቋሚ አይደሉም። አፈሩ ሲርስ ይበቅላሉ፣ ሲደርቅ ብዙዎቹ ይሞታሉ፣ ዝናብ ሲመለስ ዛፉ እንደገና ከስንቁ አውጥቶ ያበቅላቸዋል። እኛ ዘንድ የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ስለሚወርድ፣ ለዚህ ሥራ ያለው ጊዜ አጭር ነው። ዕድሜያቸውን በተመለከተ ተመራማሪዎች ብዙ ተከራክረዋል። አፈር ውስጥ ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ ቀብረው በካሜራ የሚከታተሉት በወራት ሲቆጥሩት፣ የኑክሌር ሙከራዎች አየር ላይ የተዉትን ካርቦን ሥሩ ውስጥ የለኩት ደግሞ ዓመታት አገኙ። ለእኔ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ጫፉ ቶሎ ይረግፋል፣ ጫፉን ያበቀለው ክር ይሰነብታል።

ስንቁ ከየት ይመጣል? ከቅጠል። ይህን እንደ አንድ የስዊድን ሙከራ ግልጽ ያደረገልኝ የለም። ፒተር ሆግበርግና ጓደኞቹ በሰሜን ስዊድን ደን ውስጥ የዛፎቹን ግንድ ዙሪያውን ልጠው፣ ስኳር ከቅጠል ወደ ሥር እንዳይወርድ አደረጉ። ዛፎቹ ከላይ አረንጓዴ እንደሆኑ፣ በአንድ ሁለት ወር ውስጥ ከአፈሩ የሚወጣው ትንፋሽ፣ ማለትም ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በግማሽ ያህል ቀነሰ። ውጤቱ በ2001 እ.ኤ.አ. ታተመ። ሥርና ከሥር ጋር የሚኖሩት ፈንገሶች ከእጅ ወደ አፍ ነው የሚኖሩት ማለት ነው።

እስቲ ይህን ወደ ቤታችን እናምጣው። «ቅርንጫፉን ብቻ ነው የቆረጥኩት፣ ዛፉን አልነካሁትም» ሲባል ስንቴ ሰምተናል? ወይራ ለከብት መኖ ይመለመላል፣ ለማገዶ ይመለመላል። ቅርንጫፍ በወረደ ቁጥር ከታች የሚራብ ሥር አለ፤ የተራበው ሥር በቀጣዩ በጋ ውኃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አይችልም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በትግራይ በነበረው ጦርነት መብራትም ነዳጅም ሲጠፋ የቀረን እንጨትና ከሰል ነበር። በዚያ ማንም ላይ አልፈርድም፤ ልጅ ማብላት ከጽድ ይቀድማል። ግን ሒሳቡ አልተዘጋም። ወይራ ሥሩ ካልሞተ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ጽድ ግን አንዴ ከተቆረጠ አበቃለት።

   

ችግኝ ተከላችንን ስናይ ነገሩ ይብሳል። በላስቲክ ውስጥ ከልክ በላይ የቆየ ችግኝ ሥሩ መሄጃ አጥቶ ከታች ይጠመጠማል። ተካዩ ላስቲኩን ቀዶ፣ የተጠመጠመውን ጫፍ በምላጭ ቆርጦ መትከል አለበት። ሰልፉ ረዝሞ ፎቶ አንሺው ሲጣራ ይህን የሚያደርግ ጥቂት ነው። ችግኙ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶም ሥሩ ላስቲክ ውስጥ እንዳለ ሆኖ መዞሩን ይቀጥላል። ዝናቡ ሲያቆም ደግሞ የላዩ አፈር ቀድሞ ይደርቃል፤ ወደ ታች ያልወረደ ሥር የሚይዘው ነገር የለም። በሐምሌ የተቆጠረው ችግኝ በግንቦት ሲቆጠር አይቼ አላውቅም።

ሕዛእቲ፣ ማለትም እንዲያገግም የተከለለ መሬት፣ የሚሻለው ለዚህ ይመስለኛል። መሬቱ ከከብት ሲከለል፣ ዘሩ በወደቀበት የበቀለ ቡቃያ ሥሩን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደፈለገ ይሰዳል። ቤልጂየማዊው ራፍ ኤርትስና ጓደኞቹ እዚሁ ትግራይ እንዳዩት፣ የወይራ ቡቃያ ገላጣ ላይ ሳይሆን ቁጥቋጦ ሥር፣ በተለይም ደደሆ ሥር ይበረክታል። ጥላው እርጥበቱን ያቆያል፣ ፍየልም በቀላሉ አያገኘውም። ምናምንቴ ብለን የምንንቀው ቁጥቋጦ ሞግዚት ሆነ ማለት ነው።

ሕዛእቲ ላይ ለምትሠሩ አንድ ጥያቄ አለኝ። እናንተ ጋ የችግኝ ጉድጓድ ሲቆፈር ደደሆው ይተዋል ወይስ ይመነጠራል? እኛ ጋ ባለፈው ክረምት «ቦታው ይጽዳ» ተብሎ ተመንጥሯል።