ከጠመንጃ ያዥ ወደ ቻርሻምባ

ያደግሁት ጠመንጃ ያዥ ነው። የሰፈሬን ስም ለመቶኛ ጊዜ ያሰብኩት ግን አዲስ አበባ ሆኜ ሳይሆን ኢስታንቡል ውስጥ ነው። ያረፍኩበት ሆቴል የሚሠራው ወጣት ቱርኮች ሽጉጥን «ታባንጃ» እንደሚሉ ሲነግረኝ ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። ጠመንጃ የሚለው ቃላችን ከዚያው ቃል ተነሥቶ በአረብኛ በኩል እንደ ደረሰን የቋንቋ ሊቃውንት ጽፈዋል። መሣሪያውም ቢሆን ለኦቶማኖች ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1542 ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም የፖርቱጋሉን አዛዥ ክሪስቶቫው ዳ ጋማን ድል ያደረጉት ከየመን በተላኩላቸው የኦቶማን ተኳሾች እርዳታ ነበር። እኛ ቱርክን ያወቅነው በአፈሙዙ በኩል ነው። እኔ ግን የመጣሁት ድሃ የሚመግበውን ጭልፋውን ለማየት ነበር።

መጀመሪያ ሱለይማኒዬ ወጣሁ። ሚማር ሲናን ይህን መስጊድ ለሱልጣን ሱለይማን ሠርቶ የጨረሰው በ1557 ነው። በዚያው ዓመት የሱልጣኑ ሹም ኦዝደሚር ፓሻ ምጽዋን ያዘ። የአንድ ሱልጣን ሁለት እጆች፣ በአንድ ዓመት! ዋናው ጉልላት ወርዱ 26 ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ሸክሙን አራት ግዙፍ ምሰሶዎች ይይዙታል፤ ከፊትና ከኋላ ሁለት ግማሽ ጉልላቶች ይደግፉታል። ሸረሪት እንዳያደራ በመብራቶቹ መካከል የሰጎን እንቁላል ይሰቀል ነበር ሲሉኝ በአገሬ አብያተ ክርስቲያናት ጉልላት መስቀል ላይ የተሰካው የሰጎን እንቁላል ትዝ አለኝ። የመብራቱ ጥቀርሻ እንኳ አይባክንም ነበር፤ የአየሩ ንፋስ በመግቢያው በላይ ወዳለች ክፍል እየሰበሰበው ለጸሐፊዎች ቀለም ይሆን ነበር። ከግቢው ውጭ ደግሞ ትምህርት ቤቶቹ፣ የሕክምና ትምህርት ቤቱ፣ ሆስፒታሉ፣ የእንግዳ ማረፊያው፣ መታጠቢያውና ለድሃና ለመንገደኛ ይበሰልበት የነበረው ማድ ቤት ተደርድረዋል። ይህን ሁሉ ያኖረው የነበረው ወቅፍ ነው፤ የሱቁ ኪራይና የእርሻው ገቢ ለዘላለም ለዚያ ሥራ ብቻ እንዲውል ተሰጥቶ ነበር።

ሱለይማኒዬ ያስደንቃል፤ ልቤን የነካው ግን በማግስቱ ያየሁት ትንሽ መስጊድ ነው።

ፋቲህ ውስጥ ቻርሻምባ የሚባል ሰፈር አለ። ቻርሻምባ ማለት ረቡዕ ማለት ነው፤ በየረቡዑ ከሚቆመው ገበያ ያገኘው ስም ነው ይባላል። የሄድኩትም ረቡዕ ዕለት ነበርና በቲማቲምና በካልሲ ክምር መካከል ተሽሎክሉኬ ነው የደረስኩት። አንድ ጉልላት፣ አንድ ሚናራ። ስሙ መሕመድ አጋ መስጊድ ነው፤ ታሪክ ጸሐፊዎች ግን ባለቤቱን «ሐበሺ መሕመድ አጋ» ይሉታል። ሐበሻው መሕመድ።

በልጅነቱ ከእኛ አገር ተወስዶ፣ ተሰልቦ፣ በባርነት ቤተ መንግሥት የገባ ሰው ነው። በሱልጣን ሙራድ ሣልሳዊ ዘመን የሐረሙ ጃንደረቦች አለቃ ሆነ፤ የመካና የመዲና ወቅፎች አስተዳደርም በእጁ ገባ። በ1585 ይህን መስጊድ አሠራ። ግዙፉ ሱለይማኒዬ የሲናን ነው፤ ይህ የዳውድ አጋ ነው፤ ሲናን በ1588 ሲሞት በቦታው የተተካው መሐንዲስ። ከመስጊዱ ጋር መታጠቢያ ቤትና የሐዲስ ትምህርት ቤት ተሠርቷል። መሕመድ አጋ በ1590 ሞተ፤ መቃብሩ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ በራሱ ትንሽ ጉልላት ሥር ነው።

ሚሕራቡን ያለበሰው የኢዝኒክ ሴራሚክ ሰማያዊ ነው። ፊት ለፊቱ ብዙ ቆምኩ። ይህ ሰው ስም የሚያስጠራ ልጅ እንዳይወልድ የተደረገው በቢላዋ ነው፤ በፈቃዱ አልነበረም። ልጅ ቢኖረው ለልጁ ይተው የነበረውን ሁሉ ለማያውቃቸው ሰዎች ትቶታል፤ ሰውነቱን ለሚታጠብ፣ ለሚማር፣ ለሚሰግድ። እናቱ በየትኛው ተራራ ሥር ስትፈልገው እንደኖረች አሰብኩና ዓይኔ እንባ ሞላ። በኢስታንቡል ሐበሻ የሚል ስም ያለው ደግ ሥራ ካየን በኋላ፣ ስሙ እንዴት እዚያ እንደ ደረሰም አብረን መናገር አለብን። አንዱን ተናግሮ ሌላውን መደበቅ በደል ነው።

የግቢው ጠባቂ ሽማግሌ ከየት እንደመጣሁ በምልክት ጠየቁኝ።

«ሐበሺስታን» አልኩ፤ የድሮው የቱርክኛ ስማችን ነው።

ምንም ሳይሉ ሄዱ። የገበያው ጫጫታ ከግንቡ ማዶ ይሰማል፤ ከቧንቧው ሁለት ወጣቶች ውዱእ ያደርጋሉ። ሽማግሌው ተመልሰው ሲመጡ በእጃቸው ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዘዋል። አንዱን ሰጡኝና በአገጫቸው ወደ መቃብሩ እየጠቆሙ «ሄምሼሪ» አሉኝ።

የአገርህ ሰው ማለታቸው ነው።